ቸርኬው ፍሬኑን ያልፋል?

አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ፣ ጎማ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የቤታችን ታላቅ ጋሼ፣ መኪና በገባ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ቀርተው አያውቁም፦ «ቸርኬው ፍሬኑን ያልፋል?» ፍሬኑን ሳይነካ ይገባል ወይ ማለታቸው ነው። ኮሮላ ገብታ በገዛ ቸርኬዋ ላይ የበረዶ ጎማ ሊገባላት ሲል እንኳ ይጠይቃሉ። ፋብሪካው የሰጣት ቸርኬ እኮ ነው! «ያልፋል ጋሼ» እንላለን፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ። እንደ «እንዴት አደራችሁ» ነው የምንቆጥረው።

ይህን የማነሳው ያለፈው ዓመት ታሪክ በተወራ ቁጥር እኔ ብቻ ሞኝ ሆኜ ስለምቀር ነው።

ደንበኛው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. የ1994 ሞዴል ነጭ ማዝዳ ሚያታ አለችው። ቅዳሜና እሑድ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት ይወስዳትና ባለ 2 ማይሉ ትራክ ላይ ከመሰሎቹ ጋር ይሽቀዳደማል። ሽልማቱ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ዋንጫ፣ የፕላስቲክ» አለኝ። ለዚህች ዋንጫ ሲል ሦስት ወር ቸርኬ ሲያጠና ከርሟል። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ 14 ኢንች ቸርኬና 185/60 ጎማ ነበራት፤ እሱ የፈለገው 15 ኢንች በ9 ኢንች ስፋት፣ ኦፍሴት (ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ) 36፣ ጎማው 225/45። ስልኩ ላይ የእያንዳንዱን ቸርኬ ክብደት በግራም የጻፈበት ሰንጠረዥ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ምክር ፈልጎ አይመጣም። «ጎበዝ» የሚለው ሰው ፈልጎ ነው።

እኔ ግን «ጎበዝ» ብዬ ብቻ መሸኘት አልቻልኩም። እውቀቴን ላሳየው ፈለግኩ።

አዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት ስለማመድ የላዳ ቸርኬ ቪትዝ ላይ ለማሰር ሞክሬ አውቃለሁ። ሁለቱም ባለ አራት ቀዳዳ ናቸው። ቀዳዳዎቹ የሚዞሩበት ክብ ግን የላዳው 98 ሚሊ ሜትር፣ የቪትዙ 100 ነው። ሁለቷ ሚሊ ሜትር ለዓይን አትታይም። ዳዶውም እያጉረመረመ ይገባል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው ቸርኬው እስክስታ የሚወርደው። ያኔ የቀመስኩት ኩርኩም እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ይህን ሁሉ ለደንበኛው ተረኩለት። ኦፍሴት ምን እንደሆነ፣ የመሃል ቀዳዳው ለምን ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት) ላይ ልክክ ማለት እንዳለበት፣ ሁሉንም። «ያንተዋ ሚያታ 4 በ100 ናት፣ የመሃል ቀዳዳዋ 54.1። ልክ እንደ ቪትዝ» አልኩት።

ይቺን ቃል ጋሼ ሰሙ።

«ይሄን ሁሉ ዶላር አውጥቶ የቪትዝ ቸርኬ ሊገዛ ነው?»

«ምን አሉ?» አለኝ ልጁ።

«ጥሩ ምርጫ ነው እያሉህ ነው።»

ከዚያ ያቺው ጥያቄ መጣች።

«ቸርኬው ፍሬኑን ያልፋል?»

«ጋሼ፣ 15 ኢንች ነው። ያልፋል።»

«ፍሬኑን አየኸው?»

«ሚያታ ናት እኮ ጋሼ። ፍሬኗ የስኒ ማስቀመጫ ታህላለች።»

«አየኸው ወይ ነው ያልኩህ።»

«አላየሁትም፤ ግን...»

«እሺ» አሉ።

ይቺን «እሺ» ነው ይቅር ያላልኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቸርኬዎቹ በሁለት ሳምንት ደረሱ። ያምራሉ፤ አንዱን በሁለት ጣት ታነሳዋለህ ማለት ይቻላል፣ ከ6 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ልጁ ከሥራ እስኪወጣ ጊዜ ላትርፍ ብዬ አራቱንም ጎማ አስገባሁባቸው። ባላንስ አደረግኳቸው። ቅባታቸውን ጠርጌ እንደ ትሪ በግድግዳው ደረደርኳቸው።

መኪናዋ መጣች፣ በክሪክ ተነሳች፣ የፊቱን አሮጌ ቸርኬ አወረድኩ። ከውስጥ ቀይ ካሊፐር (የፍሬኑ መንከሻ) አፈጠጠብኝ። ባለ አራት ፒስተን፣ የጡብ ግማሽ የሚያህል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገና ሰሞን ቀየርኩት» አለ በኩራት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝም።»

እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ሰንጠረዥ፣ ግራም በግራም፣ አንድ ረድፍ ስለ ፍሬን አልነበረውም። እሱ አልጻፈው፣ እኔ አልጠየቅኩት።

ቸርኬውን አነሳሁና ገፋ አደረግኩት። ሞዞው ላይ አልቀመጥም አለ። በጎን አጎንብሼ ሳይ በቸርኬውና በሞዞው መካከል 3 ሚሊ ሜትር ብርሃን ይታያል። ከላይ በኩል ካሊፐሩ ሰፊ ቦታ አለው፤ ጣቴን አስገብቼ አረጋገጥኩ። ስለ 15 ኢንቹ ትክክል ነበርኩ ማለት ነው! ጉዱ ያለው የቸርኬው ክንዶች ላይ ነው። ወደ ውስጥ ጎበጥ ስለሚሉ የካሊፐሩ ፊት ላይ ያርፋሉ። ቁመቱን ሳሰላ ጉብጠቱን ረስቼዋለሁ።

ጋሼ ሻያቸውን እንደያዙ መጡ። አዩ። «ብዬህ ነበር» እንዲሉ ጠበቅኩ፣ አላሉም።

«ጎማ አስገብተህበታል?»

«አዎ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

«ባላንስም?»

ዝም አልኩ። «ባላንስም» አልኩ ቆይቼ።

«እሺ።»

የዚህ ሥራ ሰው ያውቀዋል፤ ጎማ የነካው ቸርኬ አይመለስም። ባዶውን ቸርኬ አንድ ደቂቃ ሞዞው ላይ ሰቅዬ ባየው ኖሮ በካርቶኑ ተመልሶ ይሄድ ነበር።

ጋሼ ከምሳችን የተረፈ የፓስታ ካርቶን አነሱና በመቀስ የካሊፐሩን ቅርጽ ቆረጡ። ያንን በቸርኬው ጀርባ እያዞሩ የት እንደሚነካ አሳዩኝ። «ለመግባት 3 በቂ ነው። ኩርባ ላይ ቸርኬው ስለሚለመጥ 2 ጨምርበት» አሉ። በቃ፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር (በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚገባ ቀለበት)፣ ለፊቶቹ ብቻ። ልጁ ካርቶኑን ሲያይ «እንዴ! እንደዚህ ያለ ወረቀት ከፍሬኑ ጋር መጥቶልኝ ነበር እኮ፤ ከነሳጥኑ ጣልኩት» አለ። ይህን ንግግር ሲናገር ሦስት ሰው መስማቱን አረጋግጫለሁ። ታሪኩን የሚያወሩት ሰዎች ግን እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይዘሏታል።

ስፔሰሩ መጣ፤ ብሎኑ አጠረ። የሚያታ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥርሱ በየዙሩ 1.5 ይሄዳል። ደንቡ ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል እንዲነክስ ይላል፤ ያ ማለት 8 ዙር። 5 ሚሊ ሜትሯ ከሦስት ዙር በላይ በላችብን። ጋሼ ጮክ ብለው እየቆጠሩ በእጃቸው አዞሩት፦ «...አራት፣ አምስት፣ አምስት ተኩል።» ቆሙ። ዞረው አዩኝ።

ሞዞዎቹ ወረዱ፣ የድሮዎቹ ብሎኖች በፕሬስ ወጡ፣ ረጃጅም ገቡ። የፓራፋንጎው ጠርዝ ቀድሞ የታጠፈ ስለነበር እሱ እንኳ አላስቸገረንም። ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ 80 ፉት ፓውንድ ላይ ስናስር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የስፔሰሩና የብሎኑ ሒሳብ ከኔ ኪስ ወጣ። ጋሼ ያመሹበትን አልጠየቁም፤ እሱም ቢሆን እስከ ዛሬ ይነገረኛል።

በወሩ ልጁ ከሰሚት ፖይንት በቀጥታ ወደኛ መጣ፣ ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል፣ ያቺን የፕላስቲክ ዋንጫ ይዟል።

«ምን አደረግካት? ድሮ ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሸሽ ነበር። አሁን መሪውን ስነካው ትነክሳለች!»

ልብ በሉ፤ ከ185 ወደ 225 ሚሊ ሜትር ስፋት ጎማ የሄደ ሰው መኪናው ካልነከሰችለት ነው የሚገርመው። ሥራውን የሠራው ጎማው ነው። እሱ ግን ሌላ መልስ አግኝቷል። የፊት እግሯ በስፔሰሩ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር መስፋቱን አንብቦ፣ አስልቶ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ አስገብቶታል።

«ሆን ብለህ ነው አይደል?»

ዞር ብዬ አየሁ። ጋሼ አንዲት ሲየና መኪና ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ይታያል።

«አዎ» አልኩት።

ደስ አለው። ለዝናብ ጊዜ የሚሆን ሌላ አራት ሊገዛ ነው፤ ያንኑ ቸርኬ፣ ያንኑ ልክ። የተሻለ ክንድ ያለው ሌላ እንዳለ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዋንጫውን ሳይ ዘጋሁት። ትዕዛዙን መጻፍ ጀመርኩ።

ከሲየናዋ ሥር ድምፅ መጣ።

«ቸርኬው ፍሬኑን ያልፋል?»

«አያልፍም ጋሼ።»

«እሺ» አሉ።