ከልጣጩ ጋር የተጠመቀ ነጭ ወይን

ዛሬ ከቀትር በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ዓሣ ቤት ተቀምጠን ወንድሜ ከጆርጂያ ያመጣውን የወይን ጠጅ ከፈትን። ነጭ ወይን ቢሆንም ቀለሙ እንደ ጠጅ ወርቅማ ሆኖ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ነጭ ወይን በተለመደው አሠራር ሲጠመቅ ጭማቂው ከልጣጩ ወዲያው ይለያል፤ በዚህኛው ግን ሁለቱ አብረው ስለሚቆዩ ጭማቂው ቀለሙን፣ መዓዛውንና ምላስን የሚይዘውን ታኒን ከልጣጩ ይስባል። በካኬቲ አውራጃ ርካጺተሊ የተባለውን የወይን ዝርያ፣ ውስጡ በሰም ተቀብቶ እስከ አፉ መሬት ውስጥ በተቀበረ ክቬቭሪ በሚባል የሸክላ ጋን ጨምረው አምስት ስድስት ወር ያቆዩታል፤ ዩኔስኮም ይህን ጥበብ በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እርሾ ከውጭ አይጨመርበትም፤ የሚያፈላው ከፍሬው ጋር ከማሳው የመጣው ነው። ሳይጣራ በመታሸጉም ከጠርሙሱ ግርጌ ስስ አምቡላ አይቻለሁ፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰው ተሳስቷል እላለሁ።

ፍሬው የተለቀመው ካረጁ ሐረጎች ነው። ያረጀ ሐረግ የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጠማቂዎች ግን ጣዕሙ የጠለቀ ነው ብለው ይመርጡታል፤ እኔም ዛሬ አመንኳቸው። መጀመሪያ የደረቀ አፕሪኮት፣ ቀጥሎ የማር ሽታ፣ በመጨረሻም ጠንከር ያለ ሻይ የሚመስል ምረት አገኘሁበት፤ ስኳር ግን የለበትም። ከበረዶ እንደወጣ ታኒኑ ብቻ ጎልቶ ምላሴን አድርቆት ነበር፤ ጥቂት ሞቅ ሲል መዓዛው ተከፈተ። ቀለል ያለ ነጭ ወይን በዳጣ ፊት ጣዕሙ ይጠፋል፤ ይህ ግን ከቆሮሶ ጥብሱና ከዳጣው ጋር እኩል ቆመ።