ለምረቃ ወደ ሆለታ

የእህቴ ልጅ ከእጩ መኮንንነት ወደ ምክትል መቶ አለቃነት የሚሸጋገርበት ቀን ኅዳር ላይ ዋለ። ከአስኮ በሚኒባስ የተነሣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ቡራዩን አልፈን ገፈርሳ ስንደርስ ግድቡ ላይ ጉም ተኝቶበታል፤ ከመናገሻ ወዲያ ደግሞ ሜዳው ውርጭ መቶት ነጭ ሆኗል። ሆለታ ከአዲስ አበባ የምትርቀው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታዋ ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የኅዳር ጠዋቷ ያንዘፈዝፋል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ለሁለቱም የሚሆን ከጋቢ የተሻለ ነገር አላየሁም። ጠዋት ይከናነቡታል፣ ሲሞቅ አጥፈው ይቀመጡበታል።

እህቴ ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ ጥቁሯን አላወለቀችም። ዋዜማውን ማታ ቤታችን የተነጋገርነው ስለዚሁ ነበር። «ሐዘኔን ለአንድ ቀን አውልቄ ልሂድ ወይ?» ስትል መልስ አጣሁ። ባሏን አከብረዋለሁ። ግን ያ ልጅ በማግስቱ ለአገሩ እስከ ሕይወት መሥዋዕትነት ቃለ መሐላ ሊፈጽም ነው። ቀና ሲል እናቱን ከል ለብሳ ቢያያት ምን ይሰማዋል? ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ነገሩን የቆረጡት ቡና ሊጠጡ የመጡት የጎረቤታችን እናት ናቸው። «ልጄ፣ ሐዘኑ ከሥር ይሁን፣ ከላይ ነጭ ልበሺለት» አሏት።

እንዳሉትም ጥቁር ቀሚሷ ላይ ሰፊ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ ደረበች። መንገድ ላይ እጇን እያየሁ ነበር። ለወራት እንደለመደው ጥለቱን ወደ አንገቷ፣ እንደ ሐዘንተኛ ይስበዋል፤ ትዝ ሲላት መልሳ ታወርደዋለች። መናገሻ ላይ ጫፉን ትከሻዋ ላይ አስተካክዬ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት።

የጦር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ቦርሳ ባነሰ ቁጥር ወረፋው ይቀላል። ከፊታችን የነበረ ወጣት ለወንድሙ ክብር ብሎ ዥንጉርጉር የወታደር ጃኬት ለብሶ መጥቷል። በትሕትና አስወለቁት። ልክ ናቸው፤ የሠራዊቱ የደንብ ልብስ ለሲቪል ክልክል ነው፣ እነዚያ ልጆችም የለፉት እሱን ለመልበስ ነው። አንድ ሽማግሌ አባት ግን አሮጌ ሱፍ ኮታቸው ላይ የዱሮ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ሲገቡ ጠባቂዎቹ ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጧቸው። ኮቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ በጥንቃቄ ተተኩሷል። ከዚያ ሁሉ ሰው በአለባበስ የሚበልጣቸው አላየሁም።

ቦታው ራሱ ክብር ይጠይቃል። ሆለታ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠርተው ገነት ያሏት ናት። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች እዚህ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረ፤ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳያገባድዱ ዘመቱ፣ ከእነሱም የጥቁር አንበሳ ጦርን የመሠረቱ አሉ። ይህን የሚያውቅ ወላጅ እንደ ሠርግ አብረቅርቆ አይመጣም፤ ለበዓል እንደሚለብስ ንጹሕ ለብሶ ይመጣል።

ሣሩ ጤዛ ጠጥቶ ስለነበር ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረጉ እናቶች በየእርምጃው ይሰምጡ ነበር። ጠፍጣፋ ጫማ ይሻላል፣ መቆሙ ረጅም ነው። ፀሐዩ ሲከርር ጃንጥላ የዘረጉም ነበሩ። ከኋላቸው ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን ለማየት አንገታቸውን ሲያሰግጉ ማየት ያሳዝናል፤ ሻሽ ወይም ባርኔጣ ይበቃል። ባርኔጣውም ብሔራዊ መዝሙር ሲጀመር ይወልቃል።

ማርሽ ባንዱ ጨርሶ ሰልፉ ሲበተን ልጃችን በነጫጭ ነጠላ መካከል እየተሽሎከሎከ መጣ። መጀመሪያ ለእናቱ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ አቀፋት። የትከሻው ማዕረግ የነጠላዋን ፈትል ጠለፈው። እሷ ልትጎትት ስትል «ቆይ እማዬ፣ ይቀደዳል» ብሎ በጣቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ ፈታው። ዝቅ ሲል የቀሚሷን ጥቁር ጠርዝ አየ።

«ለአባዬ ነው?»

«ለአባትህ ነው። ላይኛው ላንተ።»

ግንባሯን ሳማት። ጓደኞቹ ከነእናቶቻቸው እየጠሩት ነበርና ይዞን ሄደ፤ ፎቶ አንሺው ጋ ወረፋ ያዝን።