ማግኔቱ ተንሳፈፈ፣ ጅረቱ ግን እምቢ አለ

ኢትሪየም ኦክሳይድ፣ ባሪየም ካርቦኔትና መዳብ ኦክሳይድ ፈጭቼ ቀላቀልኩ። 940 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ደጋግሜ ጋገርኩ። በመጨረሻ በኦክስጅን ውስጥ ቀስ ብዬ አቀዘቀዝኩና አንዲት ጥቁር እንክብል ወጣች። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ስነክራት ትንሽ ማግኔት በላይዋ ተንሳፈፈ። ሬዚስታንሷም (ለኤሌክትሪክ ያላት እንቅፋት) 91 ኬልቪን ገደማ ላይ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 182 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ላይ፣ ዜሮ ገባ። በቃ፣ ሱፐርኮንዳክተር፣ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያሳልፍ ቁስ፣ ሠራሁ አልኩ።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ጅረት ለቀቅኩባት። ከእንክብሏ የቆረጥኩት ዘንግ 2 በ3 ሚሊሜትር ነበር። 6 አምፔር ላይ ስደርስ ቮልቴጅ ብቅ አለ፤ ሱፐርኮንዳክተርነቷ ተሰበረ ማለት ነው። በሴንቲሜትር ካሬ 100 አምፔር መሆኑ ነው። ይኸው ቁስ በጥሩ ስስ ፊልም መልክ ሲሠራ፣ በዚያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀት፣ በ77 ኬልቪን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሸከማል። አሥር ሺህ እጥፍ!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሽቦ መገናኛዎቹን ነው። ሞቀው ይሆናል ብዬ ጅረቱን ለአፍታ ብቻ እየለቀቅኩ ለካሁ። ለውጥ የለም። ዱቄቱ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ ሌላ እንክብል ሠራሁ። ያው ናት።

ነገሩን ያጋለጠው ያ ማግኔት ነው። ዘንጉ አጠገብ ረስቼው ስለካ 6 አምፔሩ ወደ 1 ወረደ። እንክብሏ የተሠራችባቸው ክሪስታሎች ራሳቸው በእንዲህ ያለ ደካማ የማግኔት መስክ አይበገሩም። የተሸነፈው መጋጠሚያቸው ነው።

እንክብሏ የብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች ክምር ናት፤ ሁሉም ወደየፈለገበት ዞሯል። ሁለት ጎረቤታሞች በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲዛነፉ፣ ድንበሩ ላይ የተዛቡ አተሞች ተራርቀው ይሰለፋሉ፤ ጅረቱ በመሃላቸው ይሾልካል። ዝንፈቱ ከ10 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን የተዛቡት ቦታዎች ይገናኙና መሹለኪያው ይዘጋል። በዚህ ቁስ ውስጥ የተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አንድነት የሚዘልቀው 1 ወይም 2 ናኖሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከተራ ብረት ለተሠራ ሱፐርኮንዳክተር ምንም ያልሆነች ስስ ድንበር እዚህ ግድግዳ ትሆናለች። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ተመራማሪዎች ይህን በ1988 ሁለት ክሪስታል ብቻ አጋጥመው በመለካት አሳይተዋል። ቀድሜ ባነበው ኖሮ ሁለት ወር አላቃጥልም ነበር።

ካነበብኩም በኋላ ተሳስቻለሁ። ድንበሩ ይቀንሳል ብዬ ረጅም ሰዓት ጋገርኩ። ክሪስታሎቹ አደጉ፤ ጅረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ ዋናው ቁጥራቸው ሳይሆን አዟዟራቸው ነው።

ያኔ ዘዴ ቀየርኩ። እንክብሏን በከፊል አቅልጬ፣ አናቷ ላይ ዘር የሚሆን ክሪስታል አስቀምጬ፣ በሰዓት 1 ዲግሪ ያህል እየቀነስኩ አቀዘቀዝኩ። ሁሉም የዘሩን አቅጣጫ ተከትሎ እንዲያድግ ነው። የመጀመሪያዋ ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋ ተሳካች፤ ግን ጥቅጥቅ ስላለች፣ ሱፐርኮንዳክተር ለመሆን የሚያስፈልጋት ኦክስጅን እስኪዘልቃት ከሳምንት በላይ ጠበቅኩ። ከእሷ ያንኑ የሚያህል ዘንግ ቆርጬ ስለካ፣ የጅረት ምንጬ 40 አምፔር ላይ አቅሙ አለቀ። ቮልት መለኪያው ገና ዜሮ ላይ ነበር።