የጎቶልያን ሕልም ወደ አማርኛ የመለስኩት እንዲህ ነው

ፈረንሳይኛ ስማር የፈረንሳዩን ጸሐፌ ተውኔት የራሲንን "አታሊ" አንብቡ ተባልን፣ ትንሽ እንደገፋሁ ክው አልኩ፣ ይቺማ መጽሐፈ ነገሥት ላይ ያለችው ጎቶልያ ናት! ያቺ የንጉሥ ዘር ሁሉ ያስፈጀችው፣ ሕፃኑ ኢዮአስ ብቻ ቤተ መቅደስ ተደብቆ የተረፈባት። ራሲን የጻፈው የመጨረሻ ድራማ ነው፣ በፈረንጆቹ 1691 ሳን ሲር የሚባል ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች ናቸው መጀመሪያ የተጫወቱት።

ሁለተኛው ገቢር ላይ ንግሥቲቱ ሕልሟን ትናገራለች፣ እሱን ልተርጉም ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ቃል በቃል ሄድኩና "በጥልቅ ሌሊት አስፈሪነት ወቅት ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ለእማዬ ሳነብላት "ምንድነው እሱ፣ ግርማ ሌሊት አትይም እንዴ?" አለችኝ። በቃ እዛ ጋ ነው ነገሩ የተከፈተልኝ፣ ሁለት ቃል የሰውየውን ሙሉ ስንኝ ዋጠችው።

ከዛ ደሞ የግጥሙን ቤት፣ ማለት ምጣኔውን፣ ስፈልግ ገረመኝ። የራሲን ስንኝ 12 ቀለም (ሲላብል) ነው፣ ስድስተኛው ላይ ያርፋል፣ የኛም የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ እኮ 6 እና 6 ነው! ስለዚህ ሌላ ቤት ፍለጋ አልባከንኩም፣ "ግርማ ሌሊት ነበር፣ ሁሉም በተኛበት" ብዬ ጀመርኩ፣ ሁለተኛዋን እኩሌታ ከራሴ ነው የጨመርኳት ምክንያቱም ቦታ ተረፈኝ። ልትሞክሩ ካሰባችሁ ግን በፊደል አትቁጠሩ፣ እኔ አንድ ሳምንት ያጠፋሁት በሱ ነው፣ ሳድስ (እንደ ር፣ ት ያለው ፊደል) እየተዋጠ ቁጥሩን ያሳስታል፣ ጮክ ብላችሁ እያላችሁ በጣት ቁጠሩ።

በጣም ያስቸገረኝ የሞተችው እናቷ ኤልዛቤል በሕልም መጥታ የምትላት ነው። ፈረንሳይኛው "ለእኔ የምትገቢ ልጅ" ዓይነት ነው፣ አማርኛ ላይ ግን ደረቅ አለብኝ፣ ሶስቴ ሰርዤ "የእናትሽ ልጅ፣ ተንቀጥቀጪ" አልኩት፣ ኩራቱም እርግማኑም አብሮ ገባልኝ። ስሞቹንም ከፈረንሳይኛው አልወሰድኩም፣ ካህኑን ጆአድን ዮዳሄ፣ ሚስቱን ጆዛቤትን ዮሳቤት አልኩ፣ አንባቢው የሚያውቃቸው በዚህ ነዋ።

ሲያልቅ እንደገና ለእማዬ አነበብኩላት። ጎቶልያ እናቷን ልታቅፍ እጇን ዘርግታ አጥንትና ሥጋ ብቻ ያገኘችበት፣ ውሾቹ የሚሻሙበት ጋ ስደርስ፣ ስኒዋን አስቀመጠችና አማተበች።