ሁለት ጊዜ የመጣው ሳቅ

ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ! “ለምኑ?” የሚል አይጠፋም። መጋቢት 12 የዓለም የግጥም ቀን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ፓሪስ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ዕለቱን ሲሰይም ከምክንያቶቹ አንዱ ሊጠፉ የተቃረቡ ቋንቋዎች ድምፃቸው የሚሰማበት አጋጣሚ እንዲያገኙ ነበር። ለግጥም ቀን “እንኳን አደረሰህ” ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ ስለሌለ ዘንድሮ እኔው ልጀምረው ብዬ ነው።

ቀኑ በመጣ ቁጥር አንድ ምሽት ትዝ ይለኛል። በአንድ ትልቅ ከተማ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ገጣሚዎች ሥራቸውን የሚያነቡበት ዝግጅት ነበር። አንዲት የፋርስኛ ገጣሚ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ወጣች። እጥፋቱ ላይ የነበረው ስንኝ ተፍቆ ኖሮ ትንሽ አየት አደረገችውና ወረቀቱን ኪሷ ከተተችው። በቃሏ ጀመረች። እኔ ፋርስኛ አላውቅም። መሃል ላይ ድምፅዋን ቀየረች፤ ቀጠን፣ ቸኮል፣ ቆጣ ያለ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። አንዷ አፏን በሻርፗ ይዛ እንኳ አልቻለችም። የቀረነው ዝም ብለን ዞረን አየናቸው።

ከዚያ ትርጉሙ ተነበበ። ለካ ግጥሙ ስለ እናቷ ነው። እናትየው ከሩቅ አገር ሆነው የልጃቸውን ከተማ የአየር ጠባይ በቴሌቪዥን ይከታተላሉ፤ ጠዋት ጠዋት እየደወሉ “ዛሬ ይዘንባል፣ ጃንጥላ ያዢ” ይሏታል። መስኮት ስትከፍት ፀሐይ ነው። ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሁለት ጊዜ መጣ ማለት ነው፤ ግን በአንድ ነገር አልሳቅንም። እኛ የሳቅነው በጃንጥላው ነው። ሴቶቹ የሳቁት በእናትየው ድምፅ ነው፤ እሱ ደግሞ ትርጉሙ ውስጥ የለም።

የገጣሚዋ ዓይን በሁለቱም ጊዜ ወደ ኋላ ወንበር ነበር።

በውይይቱ ሰዓት ስለ ፖለቲካ ተጠየቀች፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ተጠየቀች። ስለ ስንኟ የጠየቀ አልነበረም። (እኔም አልጠየቅኩም፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።) አንድ ስደተኛ ገጣሚ ወዳጄን ደግሞ፣ በሌላ መድረክ፣ “በራስህ ቋንቋ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ለናሙና ያህል” ብለውታል። ለናሙና! ጨርቅ የሚሸጥ አስመሰሉት እኮ።

ሌላ ዓይነት መድረክም አለ። ሮተርዳም ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የግጥም ፌስቲቫል ገጣሚው በገዛ ቋንቋው ያነባል፤ ትርጉሙ ስክሪን ላይ ይወጣል። ኮሎምቢያ ውስጥ በሜደሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከተማዋ በጥይት ስትታመስ በተጀመረው ፌስቲቫልም መጀመሪያ የሚሰማው የገጣሚው ቋንቋ ነው፤ ስፓኒሹ ይከተላል። ሕዝቡ የማያውቀውን ቋንቋ ደጅ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል።

ሩሲያዊውን ገጣሚ ጆሴፍ ብሮድስኪን ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1972 ከአገር አስወጣችው። አሜሪካ ኖሮ፣ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ኖቤል ተሸልሞ እንኳ መድረክ ላይ ሲወጣ የሩሲያኛ ግጥሞቹን በቃሉ፣ ቅዳሴ በሚመስል ዜማ ይላቸው ነበር። የእኛው ገሞራው፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ከቻይና እስከ ስዊድን በዘለቀው ስደቱ አማርኛውን አልጣለም። የእኛ ገጣሚዎች ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለባቸው፦ ሰምና ወርቅ። ስክሪኑ ላይ ሰሙ ይወጣል፤ ወርቁ የግርጌ ማስታወሻ ይፈልጋል። በግርጌ ማስታወሻ የሳቀ ታዳሚ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

እና ባሕር ማዶ ያላችሁ ገጣሚ ወዳጆቼ፣ ዘንድሮ መድረክ ካገኛችሁ አማርኛውን አስቀድሙልኝ፤ ሙሉውን። ከተማው ትርጉሙን ይጠብቅ፣ ጊዜ አለው። እናንተ ታዳሚዎች ደግሞ ከኋላችሁ የሚስቅ ካለ “ዝም በሉ” እንዳትሉ።

ያን ምሽት ስንወጣ ሦስቱ ሴቶች ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። አንዷ ያንን ቀጭን፣ ቆጣ ያለ ድምፅ እያስመሰለች ሌሎቹን ታስቃለች። አጠገባቸው ስደርስ ሳላውቀው አብሬ ሳቅኩ።

መልካም የግጥም ቀን።