የአባቴን የኮመጠጠ ማሳ እንዴት እንዳከምኩት

ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩት በ2008 ዓ.ም ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቅ ደጋ፣ ስድስት ጥማድ መሬት (አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው)፣ ሁለት በሬ። አባቴ ወገቡን ታሞ ስለነበር እርሻው እኔ ላይ ወደቀ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ስለ አፈር የማውቀው ልጅ ሆኜ ከሞፈር ኋላ ስከተል ያየሁትን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረግሁ። ከማህበሩ ማዳበሪያ በብድር ወሰድኩ፣ አረስኩ፣ ገብስ ዘራሁ። ገብሱ በቀለ፣ ግን ቀጨጨ፤ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። ከአንዱ ጥማድ ሁለት ኩንታል እንኳን አልሞላም፣ ከሱም ብዙው ለማዳበሪያ ዕዳ ሄደ። አባቴን ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቀው «መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል፣ ካልጨመርክለት አይሰጥህም» አለኝ። አገሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በ2009 ጨመርኩለት። ባሰበት።

ሒሳብ መያዝ ልማዴ ስለሆነ የገባውንና የወጣውን በደብተር እጽፍ ነበር። ደብተሩ ላይ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ፦ ማዳበሪያው በጨመረ ቁጥር ዕዳው እንጂ ገብሱ አልጨመረም። ያኔ ነው ዙሪያዬን ማየት የጀመርኩት። እንግዶ የምንለው የአጃ ዓይነትና ግብጦ በዚያው መሬት ላይ ደህና ይበቅላሉ። ባቄላ ጭራሽ እምቢ ብሏል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የጓሯችን ጥግ ነው። እናቴ ለዓመታት የምድጃ አመድ የምትደፋበት ቦታ ላይ ወድቆ የበቀለ ገብስ፣ ማንም ማዳበሪያ ሳይሰጠው፣ ወገቤ ድረስ ደርሶ ነበር።

ይህንን ለቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ነገርኳት። ወጣት ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች። ሳታስጨርሰኝ «አፈራችሁ ኮምጥጧል፣ እናስመርምረው» አለችኝ። ናሙና አወሳሰዱን ያሳየችኝ እሷ ናት። በማሳው ላይ ዚግዛግ እየሄዱ ከአሥራ አምስት ቦታ ያህል፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ መቆፈር፤ ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥርና ከድንበር ዳር አለመውሰድ፤ ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ማደባለቅ፤ ጥላ ውስጥ ማድረቅ፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ያህል በፌስታል መላክ። ውጤቱ ሲመጣ ፒኤች 4.8 ይላል። ፒኤች የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። ከ5.5 በታች ሲሆን ገብስና ባቄላ ይቸገራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት እያጠበ ይወስዳል። ጭዱን ለከብት እናነሳለን፣ እበቱን ኩበት አድርገን እናነዳለን፣ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያም ራሱ ኮምጣጣነቱን ይጨምራል። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ይለቀቅና ሥሩን ይጎዳል፣ የምንበትነውን ፎስፈረስም አስሮ ያስቀረዋል። ማለትም እኔ በብድር የገዛሁት ማዳበሪያ ማሳው ውስጥ አለ፣ ገብሱ ግን አያገኘውም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በኮምጣጣነት የተጠቃ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ሲለፋ «ሰነፍ ነው» ያሉት ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል። የእናቴ አመድም በጓሮው ጥግ የሠራው ይህንኑ ነው። ለአባቴ ስነግረው «ኖራ ለግድግዳ ነው እንጂ ለማሳ መቼ ሆኖ ያውቃል?» አለ። የእርሻው ኖራ የቤት መቀቢያው አይደለም፤ ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። የእኛ ከደጀን ይመጣል፣ 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ምክሩ ለሄክታር 28 ኩንታል ስለነበር ለአንድ ጥማድ ሰባት ኩንታል ያስፈልገኛል። ማዳበሪያ ቢሆን ለአንድ ጥማድ አንድ ኩንታል እንኳን አይሞላም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኖራው ራሱ ርካሽ ነው፣ ክብደቱና ጭነቱ ነው የሚገድለው። በመጀመሪያው ዓመት «ይመጣል» ተብሎ ስንጠብቅ የመዝሪያው ወር አለፈ። በሁለተኛው ዓመት መጠበቁን ትተን ሰባት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን አንድ አይሱዙ ሞልተን አመጣን። ለብቻዬ ብሆን በፍጹም አይሆንልኝም ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ ንፋስ በሌለበት ማለዳ፣ አፍና አፍንጫችንን በነጠላ ሸፍነን በተንን። ማሳውን በገመድ በሰባት እኩል ቦታ ከፋፍዬ በእያንዳንዱ አንድ ኩንታል ነው የበተንኩት፣ አለበለዚያ አንዱ ጋ ይበዛል ሌላው ጋ ያንሳል። በዚያው ቀን አርሰን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልነው። ገብሱን የዘራሁት ሰኔ ላይ ነው፣ ኖራው ጊዜ ይፈልጋል።

በዚያ ዓመት ከዚያች ጥማድ አራት ኩንታል አገኘሁ። በሚቀጥለው ባቄላ ዘራሁባት። ነቅዬ ሥሩን ሳየው ናይትሮጅን የሚሰበስቡት ትንንሽ እብጠቶች ሞልተውታል። ለአባቴ አሳየሁት። ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ግን ማሳውን ሳያይ የሚያድርበት ቀን የለም።

ስህተትም ሠርቻለሁ። ሁለተኛዋን ጥማድ ኖራ ካበላኋት በቃ ብዬ ማዳበሪያውን ተውኩት፤ ምርቱ እዚያው ቀረ። ኖራ የታሰረውን ይፈታል እንጂ ምግብ አይሆንም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ፍግ ከተጨመረ ደግሞ የበለጠ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ከጎረቤቴ ከአንዲት ባልቴት ሁለት ጥማድ በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ተካፍለን፣ አርስ ነበር። በቃል ነው፣ በየዓመቱ የሚታደስ። እዚያም ኖራ በተንኩ። አንድ ጥሩ ምርት አነሳን፣ ከዚያ ልጃቸው ከከተማ መጥቶ መሬቱን ለሌላ አከራየው። አልተቀየምኳቸውም፣ መብታቸው ነው። የኖራው ጥቅም ግን አራት አምስት ዓመት የሚዘልቅ ነበር፤ እኔ የበላሁት የአንዱን ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ ይህንን ስጽፍ አንድ ነገር ገባኝ። በእኛ አገር ገጠር ሁሉ ነገር የተሠራው ለአንድ ክረምት ነው። ብድሩ ምርት ሲነሳ ይመለሳል። የእኩል ውሉ ለዓመት ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣው የመንግሥት የግብርና ፓኬጅም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለዘንድሮ የሚል ነበር። ስንዴ አምራች በሆነ ደህና አፈር ላይ ብዙ ሰው ጠቅሟል፣ አልክድም። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ቀርቶ ኤንፒኤስ የሚባለው ሲመጣም ስለ ማዳበሪያው ዓይነት ብዙ ተወርቷል። አፈሩን ለአምስት ዓመት ለሚያክም ሰው ግን በእኛ ሰፈር ብድር አልነበረም። ማዳበሪያው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጅቡቲ ድረስ ይጫናል፤ ኮምጣጣ መሬት ላይ ሲደርስ ከፊሉ ታስሮ ይቀራል። የኖራው ድንጋይ ግን ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ አለ። ለማዳበሪያው ጭነት የሚታሰበው ለኖራው ለምን አይታሰብም? ይህን በየስብሰባው እጠይቃለሁ፣ ወደፊትም እጠይቃለሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ተከራይ መሬቱን ሲተወው ባልቴቷ አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ተመልሰህ እረስልኝ» አሉኝ። አሁን ብልጥ ሆኛለሁ። እናቴ፣ በጽሑፍ እናድርገው፣ ለአምስት ዓመት፣ ቀበሌም እናስመዝግበው አልኳቸው። አምስት ዓመት ሲሰሙ ደነገጡ። የይዞታ ደብተራቸውን ከሳጥን አውጥተው የሟች ባላቸውንና የእሳቸውን ፎቶ እያዩ ዝም አሉ። መሬቱ በስምዎ እንደሆነ ይቆያል፣ ውሉ የሚገድበው እኔንም ነው፣ ካላረስኩት ለእርስዎ እከፍላለሁ አልኳቸው። ልጃቸውም መጥቶ ሰማ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ለጓሯቸውም ኖራ እንዳመጣላቸው። አንድ ኩንታል ይበቃው ነበር፣ ማሳውን ጨርሼ የተረፈውን ወስጄ እዚያው ቆመው እያዩ በተንኩላቸው። ባቄላ ነው የዘሩበት።