የመጽሐፍ እቁባችን

«አንብበው፣ ትወደዋለህ!» ተብዬ የጀመርኳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፤ ምልክታቸውም ሠላሳኛው ገጽ አካባቢ እንደተሰካ ነው። የመከሩኝ ሰዎች መጽሐፉን ከልባቸው ወደውታል። ስለ መጽሐፉ እንጂ ስለ እኔ አላሰቡም፣ ነገሩ ይኸው ነው። በኮንዶሚኒየማችን የመጽሐፍ እቁብ መሥርተን አብረን ማንበብ ከጀመርን ወዲህ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፦ ለሁሉም ሰው የተጠቆመ መጽሐፍ ሲመሰገን ይኖራል፤ «ይቺ ላንተ ናት» ተብሎ የተሰጠ ግን ይነበባል።

እቁቡን የወለደው የመጽሐፍ ዋጋ ነው። ወፈር ያለ ልቦለድ ለመግዛት ደመወዝ መጠበቅ ግድ ሆኗል። በቴሌግራም የሚዘዋወር ፒዲኤፍ ሞልቷል፤ ስልክ ላይ አራት መቶ ገጽ ጀምሮ የጨረሰ ሰው ግን ከመሀላችን አልተገኘም። ደግሞም እኛ አገር ደራሲው ብዙ ጊዜ በራሱ ወጪ የሚያሳትም ሰው ስለሆነ ነገሩ ለህሊናም አይመችም። አንድ ምሽት ቡና ላይ ይህን ስናነሣ ስንጥል፣ ባንክ የምትሠራው ጎረቤቴ «ለፍሪጅ እቁብ እንጥል የለ እንዴ? ለመጽሐፍ ምን ከለከለን?» አለች። ሳቅን። በሚቀጥለው ወር ግን ጣልን።

አሠራሩ እንደማንኛውም እቁብ ነው። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ እያንዳንዱ በወር ሁለት መቶ ብር ይጥላል፤ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮሙናሉ ውስጥ ዕጣ ይወጣል። ልዩነቱ፣ የደረሰው ሰው በብሩ ጤፍ አይሸምትበትም፤ መጽሐፍ ይገዛበታል። ምን እንደሚገዛ ማንም አያዘውም። ከገዛቸው አንዱን ግን በሁለት በሦስት ቅጂ ገዝቶ ያዳርሳል፣ ለምን እንደመረጠውም ቆሞ ይናገራል። መጻሕፍቱ በየቤቱ ዞረው ሲያበቁ የባለዕጣው ንብረት ሆነው ይቀራሉ። ዋስ ይጠራ አይጠራ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር «መጽሐፍ ይዞ የሚጠፋ ሰው ከተገኘማ እሰየው ነው» ብለው ዘጉት።

በሰው ገንዘብ መምረጥ ከባድ ነው። በራስህ ብር ስትገዛ ያሻህን ታነሣለህ፤ የጎረቤት ብር ኪስህ ሲገባ ግን የእያንዳንዱ ፊት ይመጣብሃል። ዕጣው እኔ ላይ የወጣ ጊዜ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ወረድኩ። እዚያ መጻሕፍት ከክንዱ እስከ አገጩ ቆልሎ የሚዞር ልጅ አለ። «ጥሩ መጽሐፍ ስጠኝ» ስለው ከክምሩ አንድም አልመዘዘም። «መጨረሻ ላይ አንብበህ የጨረስከው ምንድን ነው?» አለኝ። የወደድከው አላለም። ነገርኩት። «ስንት ጊዜ ፈጀብህ? ማታ ነው ታክሲ ውስጥ የምታነበው?» ብሎ ቀጠለ። ለእቁብ መሆኑን ስነግረው ደግሞ ስለ ሰዎቹ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ሁለት መርጦ አወጣ። ሁለቱንም አላመሰገናቸውም። «ይቺ ቶሎ ታልቃለች። ይኼኛው መጀመሪያው ላይ ያስቸግርሃል፣ አትልቀቀው» ብቻ አለ። መጽሐፍ በመጠቆም ረገድ ጋዜጣ ላይ ከሚጽፉት ከብዙዎቹ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እንጀራው ነዋ፤ ካላነበብኩት ተመልሼ እንደማልመጣ ያውቃል።

የልጁን ጥያቄዎች ወስደን ሥርዓት አደረግናቸው። አሁን አንድ ሰው መጽሐፍ ሲያቀርብ «ግሩም ነው»፣ «አንጀት ይበላል» ማለት አይፈቀድለትም። የት ገጽ ላይ ሊተወው እንደነበር፣ የቱን ክፍል እየዘለለ እንዳለፈ፣ ከተቀመጥነው መሀል ለማን እንደማይሆን ይናገራል። የመጨረሻው ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ነውር መስሎ ነበር። እያደር ግን ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው እሱ ሆነ፤ «ይኼ ላንቺ አይሆንም» የተባለች ሴት መጽሐፉን ይዛ ካልሄድኩ ብላ ስትሟገት ዓይኔ አይቷል።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከእኛ መሀል ደግሞ ይህን መጽሐፍ አላነበብኩም የሚል የለም። ዕጣው ለጋሼ ወጥቶ እሱን የገዙ ጊዜ ግን ጉዱ ታየ። ወጣቶቹ የሚያውቁት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። መጽሐፉ ግን ማንኩሳ ላይ ነው የሚጀምረው፣ በዛብህ ገና ሳይወለድ፣ በአባቱ በቦጋለ መብራቱና በእናቱ በውድነሽ በጣሙ ታሪክ። ፍቅሩን ፍለጋ የገባ ሰው እዚያ ይሰለቻል። ጋሼ ይህን አስቀድመው ተናገሩ። «ልጁ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እስኪገባ ብዙ ትጠብቃላችሁ። አትቸኩሉ። ፍቅሩን ትታችሁ ስለ ስለቱ፣ ስለ ድህነቱ፣ ስለ ቆሎ ትምህርቱ አንብቡ። የቸኮለ ሬዲዮኑን ይክፈት!»

«የቸኮለ ሬዲዮኑን ይክፈት» የሚለው ነገር እትዬን አስቆጣቸው። እትዬ ብሎካችን ሥር ጀበና ቡና የሚሸጡ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። ነገር ግን በ«ከመጻሕፍት ዓለም» የሬዲዮ ፕሮግራም ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ከጎረቤት ጋር ተሰብስበው ሰምተዋል። ስኒ እያጠቡ የጉዱ ካሳን አነጋገር እንደ ወጋየሁ አድርገው ያወጡት ጀመር፤ እጃቸውን ከውኃው ሳያወጡ፣ ድምፃቸውን ጎተት አድርገው። ባላገሮቹ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡበትን፣ አበጀ በለው የማረካቸውን በቅደም ተከተል አወረዱት። ከእኛ መሀል «አንብቤዋለሁ» ያለ የምሕንድስና ተማሪ አበጀ በለው ማን እንደሆነ ጠፋው። የሰማ ሰው አንብቧል ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ክርክር እሑዱን በላው። እኔ ይባላል ባይ ነኝ፣ እንዲያውም በጆሮው የያዘ ሰው ለሌላ ሲያወራ ይሻላል። ጋሼ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን ላይ ጥቂት ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ተለመደ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየኝ በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። መጽሐፉ በ1962 ወጣ፤ ከባድ ነው የሚለው ስሙ ቀድሞት ስለሚሄድ ብዙ ሰው ገና ሳይነካው ይፈራዋል። በዝምታ ሲያነቡት እውነትም ይከብዳል፤ ንግግሩ የበዛ ነው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይገባል፣ የገጠሩ ቃልና ተረት ይደራረባል። ንግግሩን ለሦስት ተከፋፍለን ጮክ ብለን ስናነበው ግን ያ ሁሉ ቋጠሮ ለቀቅ አለ። አንዲት ገጽ ላይ ሳቃችንን መግታት አቅቶን ጥበቃው ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። እትዬም ከወጣቶቹ ማንም የማያውቃቸውን ሁለት ሦስት የሸዋ ቃላት በነፃ ፈቱልን። መጽሐፉን ከሚነበብበት መንገድ ጋር ካልጠቆሙት ግማሹን ብቻ ነው የጠቆሙት። «አደፍርስን አንብብ» ዋጋ የለውም፤ «አደፍርስን ከወንድምህ ጋር ተቀባብለህ ጮክ ብለህ አንብብ» ግን ይሠራል።

በመጽሐፉ ዙሪያ የሚወራ ታሪክ አንባቢ እንደሚስብ ሁሉ አንባቢ ያስታል። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። ይህን ታሪክ የባንኳ ጎረቤቴ ባወራች ቀን ሦስቱም ቅጂ ከጠረጴዛው ላይ በቅጽበት አለቀ። ተማሪው መጽሐፉን ከወሰደ በኋላ «እስር ቤቱ የቱ ጋ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቃት። መጽሐፉ እኮ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነው! እሱ የፈለገው የተርጓሚውን ታሪክ ነበር፤ የተሰጠው የልቦለዱን ባለታሪክ የስካርሌትን ነው። ቢሆንም ጨረሰው፣ እልኸኛ ነው።

በ«ኦሮማይ» ደግሞ ይብሳል። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን በ1975 አወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ስለዚህ ሁሉም መጽሐፉን እንደ ክስ ፋይል ይገልጠዋል፤ ይቺ ናት ያስገደለችው፣ አይ ይቺኛዋ ናት እያለ መስመር ያሰምራል። ለአስመራው ጎዳና፣ ለጋዜጠኛው ለፀጋዬ መዋለል፣ ለፊያሜታ ቦታ አይተርፈውም። የኛ ደንብ ደራሲው ላይ የደረሰውን ከንባቡ በኋላ እንጂ ከፊት አናወራም የሚል ነው። ማን ይፈጽመዋል? ማንም። ግን ዳኛው «በኋላ!» ብሎ ጠረጴዛ ሲመታ ቢያንስ ወሬው ያጥራል፣ ወደ መጽሐፉም እንመለሳለን።

ከሁሉም ብዙ የሚያነበው ጥበቃችን ነው። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ አምፖሉም የግቢው ነው። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ ታሪኮች አሮጌ ቅጂ ከየትም ፈልጎ ያገኛል፤ ሽፋናቸው ተገንጥሎ በካርቶን የተለበጡ። አንዱ አባላችን ሊያሻሽለው አስቦ የሚወደውን የግጥም መድበል ሰጠው። ጥበቃው በአክብሮት ተቀበለ፣ በአክብሮት መለሰ፣ ከዚያም ሰውዬውን ሲያይ ወሬውን ወደ ውኃ መጥፋትና መብራት መጥፋት ያዞር ጀመር። ከፍ ላድርግህ ብለው መጽሐፍ ሲሰጡት ሰው ይነቃበታል። በሚቀጥለው ዕጣ የባንኳ ጎረቤቴ «አንተ ደግሞ ለእኔ ምረጥልኝ» ብላ ጠየቀችው። አንድ የስለላ መጽሐፍ አመጣላት። ሁለት ሌሊት አልተኛችም፣ ቢሮም አርፍዳ ገባች። እሱም በተራው «አንቺስ ምን ታነቢያለሽ?» ማለት ጀመረ፤ በዚያ በኩል አሁን ብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር» ላይ ደርሷል። ቴዎድሮስ ስላሉበት ነው የወሰደው። ታንጉትን ግን ከእኔ በላይ ያውቃታል።

አዳም ረታን ለሚጀምር ሰው የምለው አጭር ነው፦ ከአጫጭሮቹ ግቡ። «ከሰማይ የወረደ ፍርፍር»ን ቀምሶ የወደደ ሰው «ግራጫ ቃጭሎች» ላይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ መዝገቡ ዱባለን ይታገሠዋል። በቀጥታ ወፍራሙን ያነሡ ሦስት ሰዎች ሦስቱም አልጨረሱም፤ ከአጫጭሮቹ የገቡት ደግሞ አሁን ሌላ ደራሲ አናነብም እያሉ አስቸግረዋል። ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ልጆች የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» እስካሁን አሳፍሮኝ አያውቅም።

የመዋዋሱን ነገር በአጭሩ ልበል። እያንዳንዱ መጽሐፍ በላስቲክ ይሸፈናል። ገጽ ማጠፍ ክልክል ነው፣ በእስክሪብቶ መጻፍም እንዲሁ፤ በእርሳስ ግን ይበረታታል። ይህን ያመጡት ጋሼ ናቸው፤ ተማሪ ቤት የለመዱት ይሆናል። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው ያሰመረበትን መስመር ሳይ «ይቺን ለምን ወደዳት?» እያልኩ ስለምቀጥል ሰነፍ ገጽ እንኳ አልዘልም። ከባንኳ ጎረቤቴ ቀጥዬ ሳነብ ኅዳጉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነው። ጥበቃው ግን አንድም ቦታ አያሰምርም፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ቀንና ሰዓት ብቻ ይጽፋል፦ «ሌሊት 9፡40 ጨረስኩ»።

የዚህ ወር ዕጣ ለእትዬ ወጥቷል። እስካሁን እንዲህ ያለ ባለዕጣ አልነበረንም፤ የማያነቡ፣ ግን ከሁላችን ይልቅ የሰሙ። ገንዘቡን ተቀብለው እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱና «እኔ የምገዛው ድምፅ ያለው ነው» አሉ። ትረካ ነው? አዎ፣ ግን ከስልክ የሚወጣ አይደለም። ለሦስት እሑድ ማታ ማታ አንድ ሰው ቡና ቤታቸው ቁጭ ብሎ እንዲያነብላቸው ይፈልጋሉ፤ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ቡናው በነፃ፣ ለአንባቢው ፈንዲሻ ጭምር። መጽሐፉን እኔ እንድመርጥ አዘዙኝ። «መጨረሻ ላይ እስከ ፍጻሜው የሰሙት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሱን ይዤ ነገ ወደ ብሔራዊ ቲያትር እወርዳለሁ።